የአበባ ፎቶ የነበረው ቁጥር

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ?» ብላ ለጻፈችልኝ ሴት ያን ዕለት መልስ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ዘርግቼ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ ይህ ጥያቄ ከገጹ ቀድሞ ይመጣብኛል። እኔ ልጇ አልነበርኩም። የማንም ልጅ መሆኔ ከቀረ እንኳ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ግን ጥያቄው የደረሰው እኔ ዘንድ ነው፤ አንብቤዋለሁም። ማንበቤን ደግሞ እሷ አይታለች።

አራሚ ነበርኩና ከመሀል የተጀመረ ነገር ደስ አይለኝም። ከመነሻው ልያዘው።

እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ታናናሾቼን ሳሳድግ ትምህርት ቤት በደጁ አለፍኩት። ሥራ የጀመርኩት ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት፣ የታተመ ወረቀት በማጠፍ ነው። እዚያ አንድ ሰፊ ወረቀት ላይ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽና አሥራ ስድስተኛው ገጽ ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ሲታጠፍ ነው ቅደም ተከተል የሚይዘው። ስለዚህ እኔ ብዙ ታሪክ መጨረሻውን ከመጀመሪያው እኩል አነበብኩ፤ መሀሉን ደግሞ በሐሳቤ ሞላሁት። የማታ ትምህርት የገባሁት ሃያ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስፈተን አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «እማማ፣ ፈታኝ ነዎት?» ብላኝ ነበር። «አይ፣ እኔም ተፈታኝ ነኝ» አልኳት።

ከዚያ ካዛንቺስ፣ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዘንድ አራሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቢሮው የእንጨት ወለል ያለው አሮጌ ቤት ነበር፤ ሰው ሲራመድ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው እርሳስ ይንከባለላል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የወረቀቱ ብናኝ አየሩ ላይ ቆሞ ይታያል፤ እኔም ሥራ ሳልጀምር ጥቂት አየው ነበር። ደሞዙ የሚወራ አልነበረም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እንዳነብ የሚከፈለኝ መሆኑ ራሱ እንደ ሕልም ነበር የሚታየኝ።

ጋዜጣው መታተም ያቆመው ወረቀት ሲወደድ ነው። አለቃችን ብሩክ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ፈጣን ልጅ፣ ሁላችንንም ሰብስቦ ነገረን።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ኦንላይን ነው። ሙሉዬ፣ አንቺም ከኛ ጋር ነሽ።»

«ስህተቱስ?» አልኩት።

«የምን ስህተት?»

«የታተመ ስህተት አንድ ሳምንት ይቆያል። ይኼኛው ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ይኼኛውማ ኤዲት ይደረጋላ!»

ከጥግ በኩል ጋሽ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰው ካየው በኋላ ኤዲት የለም፣ ጌታው» አሉ።

ስለ ጋሽ ዘለቀ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። በወጣትነታቸው የውጭ አገር ራዲዮ ጣቢያዎችን እያዳመጡ የሚነገረውን ቃል በቃል በመጻፍ ነበር የሚተዳደሩት። በኋላ ጋዜጠኛ ሆኑ፤ ጆሯቸው ግን እዚያው ቀረ። ሲያስቡ ቅርንፉድ ያኝካሉ። ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቁና በክራቫታቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ መነጽሩ ካልወለቀ ገና አልወሰኑም ማለት ነው። ጠዋት ሲገቡ አንድ ነጭ ወረቀት ሦስት ቦታ ያጥፉና በእጥፋቱ ላይ «ያየሁት»፣ «የሰማሁት»፣ «የመሰለኝ» ብለው ይጽፋሉ። እኔንም ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው።

«ሦስተኛው ዓምድ ከሁለቱ ከረዘመ ወረቀቱን ቅደጂው» ይሉኝ ነበር። «ውብ ሆኖ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቅደጂው።»

ብሩክ የማጣራት ሥራ ላይ ሁለታችንን መደበን። ያኔ የከተማው ወሬ ሁሉ ወደ ቴሌግራም ገብቶ ነበር። የቤት ሽያጭ፣ የመድኃኒት ማስታወቂያ፣ ስድብ፣ ጸሎት፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጋሽ ዘለቀ ስልኩን «ራዲዮ» ይሉት ነበር። «ራዲዮ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ በሁለት ጣታቸው አንስተው እያገላበጡት፤ «ልዩነቱ ይኼ ራዲዮ አንቺንም ይሰማሻል።» ሳቅሁ። አባባሉን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት እንጂ ልብ አላልኩትም።

ሥራው እንዲህ ነበር። አንድ ቻናል ሲሰጠኝ መጀመሪያ አላነብም፤ አስቀምጣለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ ኮምፒውተሬ ላይ አወርዳለሁ፤ ባለቤቱ በማንኛዋም ደቂቃ ሊያጠፋው ይችላልና። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ መጀመሪያዋ መልእክት እወጣለሁ። ሰው ቻናል ሲከፍት ገና ጥንቃቄ አልለመደም፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር መልእክቶች ላይ የወንድሙን ስልክ ይለጥፋል፣ በራሱ ስም ይመልሳል። የቻናሉ ስም ሲቀየር ደግሞ ትንሽ ግራጫ መስመር ትቀራለች። ዛሬ የሥራ ዕድል የሚያበስረው ቻናል አምና የእግር ኳስ ውርርድ እንደነበር የምትነግረኝ እሷ ናት። ሰው የሚታየውን ስሙን በየቀኑ ሊቀይር ይችላል፤ ከጀርባ ያለው መለያ ቁጥሩ ግን አይቀየርም፤ እሱን እመዘግባለሁ። ሰዓቱንም በሁለት መንገድ እጽፋለሁ፤ ስልኩ እንደሚቆጥረውና እኛ እንደምንቆጥረው። ከዚህ በኋላ ነው የማነበው።

አንድ ጊዜ ጎተራ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ተደረመሰ የሚል ፎቶ ከተማውን አመሰው። ብሩክ ሊለቀው ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። እኔ የማየው በረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስ ነው፤ የጎተራን በረንዳ አውቀዋለሁ፣ እህቴ እዚያ ትኖራለች፣ ብረቱ እንደዚያ አይደለም። «ብረቱ ልክ አይደለም» አልኩት። «ሙሉዬ፣ ለአንቺ ነገር ሁሉ ልክ አይደለም!» ብሎ ጮኸብኝ። ከሰዓት በኋላ ፎቶው የሌላ አገር መሆኑን አገኘነው። በማግስቱ ሳምቡሳ ገዝቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፤ ይቅርታ ማለቱ ነበር።

ያ ትልቁ ጉዳይ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሴት ልጆችን ወደ ዐረብ አገር እልካለሁ የሚል አንድ ደላላ በቴሌግራም ቻናል የሐሰት ውል እያሳየ ፓስፖርታቸውን ይሰበስብ ነበር። ውሎቹ ሁሉ አንድ ማኅተም ነበራቸው፤ ማኅተሙ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ አንድ ናት። ማን እንደሆነና የት እንዳለ ግን አልታወቀም። ጋሽ ዘለቀ ቻናሉ የሚጽፍበትንና ዝም የሚልበትን ሰዓት እንድዘረዝር አዘዙኝ። ሦስት ሳምንት ዘረዘርኩ። አንድ ቀን መብራት ጠፋና በጨለመው ቢሮ ቁጭ ብለን ሳለ ስልኬን አየሁ፤ ቻናሉም ዝም ብሏል። ደብተሬን ገለጥኩ። ማክሰኞ የእኛ መብራት ሲጠፋ እሱም ዝም ብሎ ነበር። ሐሙስም እንዲሁ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ሰውየው የሚሠራው በኮምፒውተር ነው። መብራቱም የእኛው መብራት ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ጎረቤታችን ነው በይኛ!»

ከቢሯችን ጀርባ ሦስተኛው ሕንፃ ላይ ነበር። በየቀኑ ምሳ የምንበላበት ቤት ከሥሩ ነው።

ቦታው ቢታወቅም ማስረጃው የነበረው ደላላው ከቻናሉ ሌላ በከፈተው ዝግ ግሩፕ ውስጥ ነው። ከውስጥ የሚነግሩን ሁለት ልጆች አግኝተን ነበር፤ ፓስፖርታቸው ግን እሱ እጅ ነው። ከደነገጠ ፓስፖርታቸውን ይዞ እንደሚጠፋ እናውቅ ነበር። ስለዚህ እኔ ግሩፑ ውስጥ ገብቼ ዝም ብዬ የማይበት የተለየ ስልክና ቁጥር ያስፈልገኝ ነበር። የቢሯችንን ሕግ አውቀዋለሁ፤ አብዛኛውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስልኩ ላይ የማንም ቁጥር አይኖርም። የራስ ፎቶ አይደረግም። የሌላ ሰው ስም አይሰረቅም። ከዚያ ቁጥር አንዲት ቃል አትወጣም። አዲስ ሲም ካርድ ገዛሁ፣ በስም ፈንታ አንድ ነጥብ አስቀመጥኩ፣ በፎቶ ፈንታ የቢሯችን አጥር ላይ የሚያብበውን ሮዝ አነሳሁና ለጠፍኩ። ባዶ ፎቶ ያጠራጥራል፤ አበባ የሁሉም ነው።

ያልጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሲሙ አዲስ ስለሆነ ቁጥሩም አዲስ መሰለኝ። ይህ የሦስተኛው ዓምድ ነገር ነው፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ውስጥ ጻፍኩት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ከግሩፑ የመጣ መስሎኝ ከፈትኩት። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ?» ይላል። ከሥሩ የድምፅ መልእክት ነበር። በማዳመጫ ሰማሁት።

«ትዕግሥቴ፣ እናትሽ ነኝ፣ ብርነሽ። ስልኬ ላይ ስምሽ መጣ። ‹ትዕግሥት ቴሌግራም ገብታለች› ይላል አለችኝ የሸምሱ ልጅ። አበባሽን አየኋት። ደግ አደረግሽ፣ ፊትሽን ለሰው ማሳየት ባትወጂ እንኳ አበባ ይበቃኛል። ዐረብ አገር ከሄድሽ ዓመት ከስድስት ወር ሆነሽ እኮ። ደህና ነሽ? በይ፣ አንድ ቃል።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ። ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባኝ። ልጅቱ አገር ጥላ ስትሄድ የተወችው ቁጥር ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ሲቀር ተመልሶ ተሸጧል፤ የገዛሁት እኔ ነኝ። እናቲቱ ግን ቁጥሩን በልጇ ስም እንደያዘችው አለች። እኔ ነጥብ ብዬ የጻፍኩት እሷ ስልክ ላይ «ትዕግሥት» ሆኖ ይነበባል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ መጣ። «አየሽው አይደል? ምልክቱ ሁለት ሆኗል። ሁለት ሲሆን አንብባዋለች ማለት ነው አለችኝ የሸምሱ ልጅ።»

መመለስ ይቻል ነበር? እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ሴትዮዋ ከቂርቆስ እየተነሣች ልጇን ፍለጋ በየደላላው ቢሮ እንደምትዞር በማግስቱ ነገረችኝ፤ የእኛም ሰውዬ ቢሮ ሄዳለች። «ይኼ ቁጥር የልጅሽ አይደለም፣ ጋዜጠኛ ነኝ» ብላት ቁጥሩን ይዛ እሱ ዘንድ ልትሄድ ትችላለች፤ ቁጥሩ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ተቀምጧል። ከቂርቆስ ካዛንቺስ ለመድረስ ለወሬ አንድ ታክሲ ይበቃዋል። የሁለቱ ልጆች ፓስፖርት አለ። ለጋሽ ዘለቀ ልነግራቸው ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ስህተት በማረም ነው። የራሴን ስህተት ይዤ ጠረጴዛቸው ፊት መቆም አቃተኝ።

ስለዚህ አልከፍትም አልኩ። አራት ቀን አልከፈትኩም። በአምስተኛው ቀን ከፈትኩ።

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ፤ ከጻፍኩት ሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። የከፈትኩት ለሥራ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ባል ያላገባሁ፣ መጽሐፍ ይዤ የምተኛ ሴት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ልጄ» የሚለኝ ድምፅ ናፈቀኝ። ቡናዬን ይዤ መስኮቱ አጠገብ እቀመጥና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ድመቷ አራት እንደወለደች ትነግረኛለች። ሰማያዊውን ሹራብ አጥባ በወረቀት ጠቅልላ እንዳስቀመጠችው ትነግረኛለች። ብናኙ ፀሐይዋ ላይ ቆሞ፣ ሰዎቹ ወለሉን እያንቋቁ ሲያልፉ፣ እኔ የሌላ ቤት ልጅ ሆኜ ቂርቆስ ውስጥ በማላውቀው ግቢ እውላለሁ።

ጆሮዬ ግን ሥራውን አልተወም። ከድምፅዋ በስተጀርባ ባቡር ያልፋል። የታክሲ ረዳት «ጎተራ፣ ሳሪስ!» ይላል። አንድ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው አለ፤ ሦስት ይመታና ያርፋል። ሁለት ሰዓት ላይ በላከችው ደግሞ ተማሪዎች ባንዲራ ሲሰቅሉ ይሰማል። አንድ እሑድ እግሬ እዚያው ቂርቆስ ወዳለው መሿለኪያ ወሰደኝ። ባቡሩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጎተራ የሚለውን ተራ አገናኝቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩን አንድ ጠባብ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ እሑድም ይሠራል፤ ሦስት መትቶ አረፈ። ፊት ለፊቱ ሰማያዊ በር ነበር። አጥሩ ላይ አንዲት ድመት ተኝታለች። ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ የላከችው መልእክት ድምፁ ሌላ ነበር። «ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ እምቢ ብለሽ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ልኳል፣ እኛ ምን አጣን ብዬ የገፋሁሽ እኔ ነኝ። ታነቢያለሽ፣ አትመልሺም። ተቀይመሽኝ ነው?»

ይህን ሁለት ጊዜ ሰማሁት።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ይህ መጣ፤ ቃሉ እንዳለ ደብተሬ ላይ አለ።

«ዛሬ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ሸምሱ ነው፣ የእድሩ ዳኛ፤ ከኋላው አምስት ስድስት ሰው። አቆማቸውን ሳይ ገባኝ። ‹ትዕግሥት አርፋለች፤ አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ ተመልሳ ነገረችን› አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። ‹ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ ነበረች፣ አንብባለች፣ ምልክቱን እዩ› አልኳቸው። ሸምሱ መነጽሩን አድርጎ አየ። አየና ዝም አለ። በመርዶ ነጋሪ ላይ በር ተዘግቶ ያውቃል፣ ልጄ? እኔ ዘጋሁ። አልሞትሽም። ተቀይመሽ ነው እንጂ አልሞትሽም።»

ተነሥቼ ጋሽ ዘለቀ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ቅርንፉዳቸውን ማኘክ አቆሙ።

«ምነው?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«‹ምንም› የትኛው ዓምድ ላይ ነው የሚጻፈው?»

ፈገግ ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ጽሑፉ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከወጣ በኋላ እሄዳለሁ፣ ሰማያዊውን በር አንኳኳለሁ አልኩ።

ጽሑፉ ወጣ። ደላላው ተያዘ፤ ልጆቹ ፓስፖርታቸውን አገኙ፤ አንደኛዋ ቢሮ ድረስ መጥታ የብሩክን እጅ ሳመች። «ሙሉዬ፣ ቀውጢ ሥራ ነው የሠራሽው!» አለ ብሩክ፤ ኬክ መጣ። በሕጋችን መሠረት ሥራ ያለቀበት ቁጥር ይጠፋል። የቴሌግራም አካውንቱን አጠፋሁ፣ ሲሙን በመቀስ ሁለት ቦታ ቆረጥኩ። ኬኩ የተቆረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ወደ መሿለኪያ አልሄድኩም። በሚቀጥለው ሳምንትም። ምን ብዬ ነው የማንኳኳው? ልጅሽ ሞታለች የሚለውን ሰፈሩ ነግሯታል፤ አልተቀበለችም። እንዳትቀበል ያደረግኋት እኔ ነኝ። ዛሬ፣ ነገ ስል ቀኑ ወር ሆነ፤ ወሩ ዓመት ሆነ። ጋሽ ዘለቀ ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ትራሳቸው አጠገብ ሦስት ቦታ የታጠፈ ባዶ ወረቀት ነበር። «ራዲዮው እንዴት ነው?» አሉኝ። «ደህና ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ያንን ሳልነግራቸው አረፉ።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። የእንጨት ወለል ያለው ቤታችን፣ ሮዙ ያለበት አጥር፣ ምሳ የምንበላበት ቤት፣ ሁሉም ተነሥቶ ሰፊ መንገድና ችግኝ ሆነ። አንዳንዴ እዚያ እሄዳለሁ። ጠረጴዛዬ የነበረበትን ቦታ ለማግኘት ያልፈረሰውን ረጅም ሕንፃ ጥላ እከተላለሁ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚደርስ አውቃለሁና። ሰዎች በብስክሌት ያልፋሉ። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ጆሮዬ ላይ የሌለ ማዳመጫ የማስተካክል ይመስለኛል።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ብሩክ ደወለ። ደምበል አካባቢ በተከራዩት አዲስ ቢሮ ለአዳዲስ ሠራተኞች ሥልጠና እንድሰጥ ጠየቀኝ። ሄድኩ። አስቀምጡ፣ ከዚያ አንብቡ አልኳቸው። ወደ መጀመሪያዋ መልእክት ውጡ አልኳቸው። ወረቀቱን ሦስት ቦታ ማጠፍ አሳየኋቸው። ስለ ተለየ ስልክና ቁጥር ስናገር ፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ማለቴ… ቁጥሩ ከኛ በፊት የማን እንደነበረ በምን እናውቃለን?»

ሰባት ዓመት ሊሞላው ስድስት ወር የቀረው ነገር ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን በጊዜው አልጠየቅሁም።

«አናውቅም» አልኳት። «ስለዚህ መጀመሪያ ወር ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ማን እንደሚጠራው ይታይ። የሚጠራው ሰው ካለ ያ ቁጥር ለኛ አይሆንም።» የያዝኩትን መጠቆሚያ ዘንግ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ሙሉዬ፣ ወዴት ነው? ገና ሻይ አልጠጣንም!» አለ ብሩክ።

«አንድ ያላረምኩት ነገር አለ» አልኩት።

ከደምበል ወደ መሿለኪያ በእግሬ ወረድኩ። ግማሹ ሰፈር ታጥሯል። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ የለም። ሰማያዊው በር ግን አለ፤ ቀለሙ ለቅቋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ከፈተች።

«ማንን ፈልገው ነው?»

ድምፁን አወቅሁት።

«ወይዘሮ ብርነሽ፣ ሙሉነሽ እባላለሁ። ጋዜጠኞች ዘንድ ነበር የምሠራው። ያኔ… የትዕግሥት ቁጥር እኔ እጅ ነበር። ሲም ገዝቼ ነው፤ የሷ እንደነበረ አላወቅሁም።»

በሩን እንደያዘች ቆየች።

«የአበባዋ?»

«የአበባዋ።»

«ታነብ የነበረችው…» ከእርስዎ ወደ አንቺ የተሻገረችው እዚህ ላይ ነው። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

መደቡ ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ተቀመጪ አላለችኝም። ባቡሩ አለፈ።

«ሁሉንም ሰማሽው?»

«ሁሉንም።»

«ሂጂ ያልኳትንም?»

«እሱንም።»

«አንድ ቀን አበባዋ ጠፋች። ስሟም ጠፋ። የሸምሱ ልጅ፣ ‹ራሷ ናት ያጠፋችው› አለችኝ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። አለች፣ እናቴን አልፈልግም ብላለች አልኩ። ልጄ ጠላችኝ እያልኩ ይኸው።» ዓይኗን አነሳች። «አንቺ ነሻ ያጠፋሽው?»

«እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ብርነሽ። ልጅዎ አንድም ቀን አላነበበችውም። ያነበብኩትም ዝም ያልኩትም ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

ያየሁትን ብቻ ነው የተናገርኩት። ለማጽናናት አንድ ቃል ልጨምር ብዬ ነበር፤ ሦስተኛው ዓምድ ሆነብኝና ተውኩት።

ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር፣ «እንግዲህ ልጄ አልተቀየመችኝም» አለች።

ልትሰድበኝ ትችል ነበር፤ ጠብቄም ነበር። ስለ መርዶው ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«ተይ! መርዶ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ይመጣል እንዴ? ሰው አይደለሁም? አሁን ምንም አልሰማሁሽም።» ተነሥታ በሩን ያዘች። «ሸምሱ መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ውስጥ አለ። ሂጂና ንገሪው። ነገ ማለዳ ይዞሽ ይምጣ። አንቺም ትቆሚያለሽ። የላክሁት ሁሉ አንቺ ዘንድ ነው የቀረው።»

አቶ ሸምሱ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ያን ቀን ስልኩን ሳየው፣ እኛ ነን የተሳሳትነው ማለት ነው ብዬ ነበር። አልተሳሳትንም?» «አልተሳሳታችሁም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው መደወል ጀመሩ። ከእድሩ ሰው ግማሹ ተበትኖ ነበር፤ አንዱ ጎተራ፣ አንዱ ከዚያም ራቅ ብሎ ገብቷል። ሁሉም መጡ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በጠባቧ መንገድ ተሰለፍን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። «እኅቴ፣ ከኋላዬ ቁሚ» አሉኝ አቶ ሸምሱ፤ «መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ከዚያ አንቺ የቁጥሩን ነገር ትነግሪያታለሽ።» የመጀመሪያው ባቡር በላያችን አለፈና ጸጥ አለ። አቶ ሸምሱ ለማንኳኳት እጃቸውን አነሱ።

በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደጁ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር።